ፍታው እንጂ አቦ!

ስልኬን ከፍቶ ፎቶዎቼን የሚያይ ሰው ምን እንደሚለኝ እንጃ። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያነሳሁት ነገር ሁሉ የልጄ ቂጥ ነው። ከቀኝ፣ ከግራ፣ በብሽሽቱ በኩል፣ በጠዋት ብርሃን፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ። የዳይፐር ሽፍታውን እንድታይልኝ ሐረር ላለችው እህቴ ነበር የምልከው፣ ነርስ ናት። መጀመሪያ ሰሞን "አይዞህ ቀላል ነው" ብላ ትጽፍልኝ ነበር። በኋላ መጻፉን ትታ መደወል ጀመረች። እህቴ የራሷን ካርድ አቃጥላ ከደወለች ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች። ልጁ ሲወለድ እኔ ያገኘሁት ፈቃድ 3 ቀን ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚለው ይህንኑ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ ደግሞ ገንፎ ከመብላትና እንግዳ ከማስተናገድ ሌላ ምንም አልተማርኩም። የባለቤቴ ፈቃድ ሲያልቅ አማቴ ከጭሮ መጥተው ልጁን ያዙልን። ክረምት ሲገባ እሳቸውም "ቤቴ ወና ሆነ" ብለው ተመለሱ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኔ ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ ሠራተኛ ገና አላገኘንም። ተራው የእኔ ሆነ። ልጁ ያኔ 8 ወሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። 50 ጎረምሳ በአንድ ክፍል ይዞ የሚውል ሰው አንድ ህፃን ያቅተዋል?

አቃተኝ።

ድሬን የማያውቅ ሰው ስለ ሙቀቷ ሲነግሩት ያጋነኑ ይመስለዋል። እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። የቀትር እንቅልፍ እዚህ ስንፍና አይደለም፣ ደንብ ነው። ልጄም የድሬ ልጅ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጡጦውን ጨርሶ ይተኛል፣ 9 ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔም አጠገቡ። ዳይፐሩ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እላዩ ላይ ነው። እስቲ አስሉት። 5 ሰዓት ሙሉ፣ 35 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቂጥ።

ለምን አልቀየርክለትም ትሉኝ ይሆናል። ዳይፐር ውድ ነዋ! አንዱ እሽግ በስንት ቀን እንደሚያልቅ በጣቴ እቆጥር ነበር። ስነካው ደረቅ ነው፣ ሳነሳው ቀላል ነው፣ "ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ" እላለሁ። አንድ ቀን ግን ከመናደዴ የተነሳ አዲስ ዳይፐር በመቀስ ቀደድኩና ውስጡን አየሁት። ከጥጡ መሃል ስኳር የመሰለ ነጭ ነገር ይረግፋል። ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳፈስበት ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ እንደ ጄሊ ረጋ። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የሚጠጣው ሽንቱን ነው። ላቡና እንፋሎቱ በውጪው ላስቲክ ታፍኖ እዚያው ከቆዳው ጋር ይቀራል። ካካውንማ ጨርሶ አይነካውም። ደረቅ ነው ብዬ የዳሰስኩት ውጪውን ነበር።

መጀመሪያ የታየኝ መቅላት አይደለም። ይቺን ልብ በሉልኝ። ኢንተርኔት ላይ "የዳይፐር ሽፍታ" ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ፎቶ በአብዛኛው የፈረንጅ ልጅ ነው፣ ቲማቲም የመሰለ። የእኔ ልጅ ጠይም ነው። እሱ ላይ የታየው ከሌላው ገላው ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። ውሃ ሲነካው ያለቅሳል። እኔ ቀይ ነገር ስጠብቅ 3 ቀን አለፈ። በ4ኛው ቀን ቆዳው ተላጠ።

እህቴ በስልክ ያስረዳችኝ በልብስ አጣቢ እጅ ነው። "ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ ምን ይሆናል? ይጨማደዳል፣ ይለሰልሳል። በዚያ እጅህ ጂንስ ብታሽ ቆዳህ ይነሳል። የልጅህም ቂጥ እንደዚያ ነው፣ መጀመሪያ በእርጥበት ይርሳል፣ ከዚያ ዳይፐሩ ያሸዋል።" የቀረውን እኔ ራሴ ማወቅ ነበረብኝ፤ ነውሩም እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር ነው። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 በታች ሲሆን አሲድ ነው) 5.5 አካባቢ ነው። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። ሽንቱ ከካካ ጋር ሲገናኝ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሰባብረው አሞኒያ ያወጡታል፤ ጠዋት የሌሊቱን ዳይፐር ስትፈቱ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። አሞኒያ ቤዝ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ደግሞ ከሆድ ከካካው ጋር የወጡት ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነዚህ ፕሮቲንና ስብ ለመፍጨት የተፈጠሩ ናቸው። የምሳ ፕሮቲን ይሁን የቆዳ ፕሮቲን አይለዩም። ልጄ በራሱ ኢንዛይም እየተፈጨ ነበር ማለት ነው፣ እኔ አጠገቡ ተኝቼ።

እህቴ እንደምትለው ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ላይ ይህ ነገር ቀለል ይላል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር ካካው ይለወጣል፣ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው በጣም የሚበዛው። እኔ ደግሞ ልክ በሰዓቱ ነበር ሥራውን የተረከብኩት።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስናገር ትስቁብኛላችሁ። የኬሚስትሪ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፣ አንድ ነገር ሲበላሽበት ሌላ ነገር ይጨምርበታል። እኔም ጨመርኩ። መጀመሪያ ሳሙና። በቀየርኩት ቁጥር በሳሙና አጥበዋለሁ፣ ንጽህና ነው ብዬ። ሳሙና ግን ራሱ ቤዝ ነው፤ ያቺኑ የተረፈችውን የቆዳ ወዝ ይዞ ይሄዳል። ቀጥዬ ሽቶ ሽቶ የሚል ዋይፕስ። የተላጠ ቆዳ ላይ ሽቶ! በሎሚ የታሸ ቁስል አስቡ። ቀጥዬ ፓውደር። ፓውደሩ ለመጀመሪያው ሰዓት ደረቅ ያስመስለዋል፣ ሽንት ሲነካው ግን እንደ ሊጥ ይቦካና ጭኑ እጥፋት ውስጥ ይጋገራል። እህቴ ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ፤ ፓውደሩ ውስጥ ያለው ታልክ ሲበን ልጁ ወደ ሳንባው ይስበዋል፣ ከቤት አውጣው አለች። አወጣሁት። ጎረቤት ቅቤ አለኝ፣ ቅቤም ሞክሬያለሁ። ቅቤው ላይ ብዙ ክፉ መናገር አልፈልግም፣ አያቶቻችን ያደጉበት ነው። ግን በዚህ ሙቀት የቆየ፣ ስንት እጅ የገባበት ቅቤ የተላጠ ቁስል ላይ መቀባት ጥሩ ሐሳብ አልነበረም። ዝንብ ብቻ ነው የወደደው።

በዚህ መሃል ልጁ አተኮሰውና ክሊኒክ ወሰድኩት። ጆሮው ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ጆሮው ዳነ፣ ሆዱ ተበጠበጠ። አንቲባዮቲክ ክፉውንም ደጉንም ባክቴሪያ ስለሚጠርግ ተቅማጥ ያመጣል፣ ደጎቹ ሲሄዱ ደግሞ ፈንገስ ሜዳውን ባዶ ያገኘዋል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በጊዜው ግን ግቢው በሙሉ ምክንያቱን አውቆልኛል፦ ጥርሱ ነው። "ጥርስ እያወጣ ነው፣ የወተት ጥርሱን አስነቅልለት" ያለኝም ሰው አለ። እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ጥርስ ማውጣት ተቅማጥ አያመጣም። የህፃን ድድ በስለት መቅደድ ደግሞ ልጅ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ስሙን የማልጠራው ሰው ይህን ካነበበ አሁንም እንደተቀየምኩህ እወቅ።

ለተቅማጡ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) እና ዚንክ እንክብል ተሰጠን፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ለ10 ቀን። ትንሽ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ይቺ ናት፤ ያው ዚንክ፣ ኦክሳይድ ሆኖ ደግሞ ከላይ ይቀባል። አንዱ ንጥረ ነገር ከውስጥም ከውጪም ሲሠራ ማየት ለኬሚስትሪ መምህር ትንሽ በዓል ነው። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

ተቅማጡ ሲበርድ ቂጡ ባሰበት። አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁና ፎቶውን አሳየሁ። የነበረው ልጅ ሁለት ሴኮንድ አይቶ አንዲት ትንሽ የቅባት ቱቦ ሰጠኝ። "በቀን ሁለቴ" አለኝ፣ በቃ። ቀባሁት። ወላሂ ተአምር ነው፣ በ2 ቀን ውስጥ ጥርት አለ። ለእህቴ ፎቶ ላኩላት፣ ከሥሩ "አለቀ" ብዬ ጻፍኩ። በ5ኛው ቀን ተመልሶ መጣ፣ እጥፍ ሆኖ። አሁን ብሽሽቱ ውስጥ ገብቷል፣ ጭኑ እጥፋት ውስጥ ገብቷል፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጠብጣብ የመሰሉ ትንንሽ ሽፍታዎች፣ አሸዋ የበተኑበት መስሏል። እህቴ ያን ጊዜ ነው የደወለችው።

"ቱቦው ላይ ያለውን አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። ሦስት ስም አለው፣ አንዱ ቤታሜታዞን ይላል።

"አሁኑኑ አቁም። ከዚያ ልጁን ታቅፈህ ጤና ጣቢያ ሂድ። በፎቶ አይደለም፣ ልጁን ይዘህ።"

ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው፣ ጠንካራ ስቴሮይድ። እብጠትና መቅላት ቶሎ ያጠፋል፣ ስለዚህ የዳነ ይመስላል። ፈንገሱ ግን ከሥር ይበላል፣ የቆዳው መከላከያ ስለደከመለት እንዲያውም ይመቸዋል። ቱቦው ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት አብሮ ስላለ ችግር የለም ይላሉ፣ ችግር ግን አለው። የህፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ከላይ ዳይፐር ሲታሰርበት እንደ ክዳን ይሆንና መድኃኒቱ ወደ ሰውነት ይሰርጋል። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲበዛም የልጁን የራሱን ሆርሞን ሊያናጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ቱቦ ደግሞ እዚህ አገር እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው። ስም ያለው ሐኪም አይቶ ካላዘዘው በቀር ልጃችሁ ዳይፐር ሥር አታስገቡት። ከዚህ ሁሉ ወሬዬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ።

ጤና ጣቢያ ያየችው ሴት ፎቶ አላስፈለጋትም። ልጁን አስተኝታ ጭኑን ከፈት አደረገችና እጥፋቱን አየች። ተራው የዳይፐር ሽፍታ ዳይፐሩ የሚነካው ጉብታ ላይ ነው የሚወጣው፣ እጥፋቱን ይተዋል። ፈንገስ ግን እጥፋት ይወዳል፣ ዳር ዳር ላይም ግልገል ይወልዳል። አፉንም ከፈተችው፣ ምላሱ ላይና ጉንጩ ውስጥ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ብላ። አልነበረም። ክሎትሪማዞል የሚባለውን የፈንገስ ቅባት ብቻውን፣ ሌላ ያልተደባለቀበት፣ ስስ አድርጌ እንድቀባ አዘዘች፤ ሲጠፋም ወዲያው እንዳላቆም፣ ጥቂት ቀን እንድጨምር። ከዚያ ላይ ወፍራም ዚንክ። ወፍራም ስትል ዳቦ ላይ ማርማላት እንደሚቀባ። እኔ ለካ እንደ ሎሽን እያሸሁት ነበር! ይህ ቅባት እንዲሰርግ አይደለም የሚቀባው፣ በቆዳውና በሽንቱ መሃል ግድግዳ እንዲሆን ነው። ዚንክ ከሌለ ተራ ቫዝሊን፣ ሽታ የሌለው፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሌላም ስህተት ነበረብኝ። በቀየርኩት ቁጥር ቅባቱን እስከ ታች ፈትጌ አነሳው ነበር። የቆሸሸውን ከላይ ብቻ ማንሳት፣ ንጹህ የሆነውን መተው፣ ከላዩ መጨመር። የግድ ሁሉም ይነሳ ከተባለ ዘይት ነካ ያደረገ ጥጥ እንጂ ሳሙና አይደለም።

እሺ፣ ፈንገሱን መድኃኒቱ ያዘው። ቁስሉ ግን መድረቅ አልቻለም። ቅባት፣ ዳይፐር፣ ላብ፣ ቅባት፣ ዳይፐር፣ ላብ። እኔ አሁንም እየጨመርኩ ነው።

አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ፋኑ ቆመ፣ ልጁ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። እንደዚያ ሆኜ አዴ ገባች። አዴ የግቢያችን ባለቤት ናት፣ ገንደ ቆሬን እንደ እጇ መዳፍ የምታውቅ፣ 7 ልጅ ያሳደገች። (ድሬ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ የውጭ ሰው ካነበበ አይደንግጥ። እኔን አንቱ ማለት ያስተማረኝ ትዳር ነው፣ አማቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንተባትቤያለሁ።) አዴ የመጣችው ወንፊት ልትጠይቅ ነበር። ልጁን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ቱቦና ቆርቆሮ አየች።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

"መድኃኒቱ ነው አዴ።"

"ፍታው እንጂ አቦ! ቋንጣ እንኳን ተሰቅሎ ነው የሚደርቀው፣ አስረህ ምን ታፈላዋለህ?"

ፈታችው። ራሷ። ዳይፐሩን ጣቷ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ውጪ አስቀመጠችው። ከዚያ ልጁን ይዛ ወጣች፣ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ኒም አለ፣ ጥላው ሥር ሰሌን ዘረጋች፣ ሰሌኑ ላይ ከወገቧ የፈታችውን አሮጌ የጥጥ ጨርቅ። በሆዱ አስተኛችው። ቂጡን ለንፋስ ሰጠችው። ልጁ ዝም አለ። ወንፊቷን ይዛ ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለካ መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም አለ። ድሬ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ልጅ እያለ ቂጡን ሜዳ ላይ አድርጎ ነው ያደገው፣ የእኔም ፎቶ አለ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ራቁቴን ቆሜ የማኮረፍበት። ይሄ ሽፍታ እናቶቻችን ዘንድ አልነበረም አልልም፣ ነበረ። ግን መድኃኒቱ ደጅ ነበር። ከተማው ሙቀቱን ብቻ አይደለም የሰጠን፣ ድርቀቱንም ሰጥቶናል፤ እዚህ የተሰጣ ጨርቅ ቡና እስኪፈላ ይደርቃል። እኔ ሙቀቱን ላስቲክ ውስጥ አስገብቼ ድርቀቱን ውጪ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ታሪክ የሽንት ታሪክ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ዙር፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ዙር፣ በየዙሩ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም። ጥላ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። የቀትር ፀሐይ ላይ ህፃን ማስጣት ሌላ ጣጣ ነው። የቀትር እንቅልፉንም ያለ ዳይፐር አደረግኩት፣ ከሥር ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ሁለት እጥፍ ጨርቅ። ሰሌኔ ላይ ተሸንቷል፣ ሽርጤ ላይ ተሸንቷል፣ የተማሪ ፈተና ወረቀት ላይ ተሸንቷል (የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ውጤቱ አልተነካም)። ካካም አለ፣ እንዝለለው። በ3ኛው ቀን ግን የተላጠው ቦታ አዲስ ቆዳ ማውጣት ጀመረ። ውሃ ሲነካው አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ትንሽ።

ሌሊት ዳይፐር አለ፣ እንቢ አላልኩም። ሌሊት መተኛት አለብን። ግን ከመተኛቱ በፊት ወፍራም ዚንክ፣ ዳይፐሩም ከበፊቱ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ። ጭኑ ላይ የላስቲክ ምልክት እያየሁ "ልክክ አለ" እል የነበረው ለካ አፍኜው ነው። ቀን ስናስር ደግሞ በየ2 ሰዓቱ፣ ከካካ በኋላ ግን ወዲያውኑ፣ ተኝቶም ቢሆን። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ለዚያች ቱቦ፣ ለፓውደሩ፣ ለዋይፕሱና ለባጃጁ ያወጣሁት ብር በቆጠብኩት ዳይፐር አይመለስም።

አሁን ስለ ውሃችን ላውራ፣ ምክንያቱም ጨርቅ መጠቀም ስጀምር አዲስ ችግር መጣ። የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ድንጋይ ያውቀዋል። ኖራ ነው። ከመሬት የሚወጣው ውሃችን ካልሲየም የሞላበት ነው። በዚህ ውሃ ሳሙና አረፋ አይወጣውም፣ ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝና የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል፣ ዝቃጩ ደግሞ ጨርቁ ክር ውስጥ ይቀራል። የደረቀው ጨርቅ ለምን እንደ ካርቶን እንደሚቆም አሁን ገባችሁ። ያንን ካርቶን ነው አዲስ ቆዳ ላይ የማስረው! እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው፤ ውሃውን አፍልቼ አሳድረዋለሁ፣ ከኖራው የተወሰነው ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን በጥንቃቄ ቀድቼ አጥብበታለሁ። ሳሙና በጣም ጥቂት። ማለቅለቅ ሦስቴ፣ አራቴ። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ይህ ቅንጦት ነው፣ አውቃለሁ፣ ጀሪካን ተሸክሜ አይቼዋለሁ። እንዲያ ሲሆን ከሳሙናው ቀንሱ እንጂ ከማለቅለቁ አትቀንሱ። ከደረቀ በኋላ በሁለት እጅ አሸት አሸት፣ እስኪለሰልስ። አዴ አሮጌ የጥጥ ሽቲዋን (ቀሚሷን) ቀድዳ ሰጠችኝ፣ ስንት ዓመት ታጥቦ ስስ የሆነ። ከዚያ የተሻለ የህፃን ጨርቅ የትም ሱቅ አላየሁም። ልጁን ራሱን የማጥበው በዚያው በረጋው ውሃ ነው፣ ለብ አድርጌ፣ ያለ ሳሙና፣ ከዚያ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ። ማሸት የለም።

ሲድን ደግሞ አዲስ ድንጋጤ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ነጣ። ነጭ ነጭ ሆነ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ለምጽ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በባትሪ አንስቼ ለእህቴ ላኩላት። ጠዋት መልስ መጣ፦ "ጠይም ቆዳ ሲቆስል ቀለሙን ይጥላል፣ ይመለሳል። ሁለተኛ ሌሊት ቂጥ እንዳትልክልኝ።" ስቴሮይዱም ድርሻ ሊኖረው ይችላል አለች። እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ግን እየጠቆረ ነው፣ ሳምንታትም ወራትም ይፈጃል።

እህቴ ያስጻፈችኝን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ፎቶ መላክ ቀርቶ ልጁን ታቅፎ መሄድ የሚገባው መቼ እንደሆነ ነው። ትኩሳት ካለው። መግል ወይም ውሃ የቋጠረ ካለ፣ ከደማም። ሽፍታው ከዳይፐሩ ክልል ወጥቶ ወደ ሆድና ጀርባ ከሄደ። በ2 ወይም 3 ቀን ንፋስና ቅባት ካልተሻለው። ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ጨቅላ ከሆነ ቀን ሳይቆጠር። መጨረሻ ላይ በራሷ ፈቃድ ያስጨመረችኝ፦ "አባትየው መድኃኒት ቤት ገብቶ ቱቦ ከገዛ።"

መስከረም ሲቃረብ ሠራተኛ ተገኘች። ከጉርሱም አካባቢ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ 20 ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ያወቅኩትን በሙሉ ላስረክባት አስቤ ሌሊቱን ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ጽፌ አደርኩ። ፒኤች ራሱ አለበት። ጠዋት ባለቤቴ ወደ ሥራ ወጣች፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ ሳሎን ቁጭ ብዬ ልጅቷን ጠበቅኩ። አልመጣችም። ወደ ጓሮ ስወጣ ኒሙ ሥር አገኘኋት። ሰሌኑን ዘርግታለች። ልጁ በሆዱ ተኝቶ አፈር ሊበላ ይታገላል። ዳይፐሩ ተጠቅልሎ ዳር ተቀምጧል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ሞቆት መሰለኝ፣ ፈታሁት" አለችኝ፣ ደንግጣ። "ላስረው እንዴ?"

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።